አምስት ስፒል

ዓርብ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ፣ ጎንደር ውስጥ ከማራኪ ወደ አራዳ በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ ተቀምጬ፣ ከኋላዬ የአባቴን ድምፅ ሰማሁ። አባቴ ሱቅ ሊከፍት ከእኔ ግማሽ ሰዓት ቀድሞ ወጥቷል፤ በር ድረስ የሸኘሁት ራሴ ነኝ። «ቀጥ በል። ሆድህን ለልብሱ ብለህ አትሳብ፤ ነገም ትበላለህ» አለ ድምፁ። ይህ አባቴ ላለፉት ሃምሳ ዓመታት ልክ ሊያስወስድ ለመጣ ወንድ ሁሉ የሚለው ነው። ዞር ስል ሁለት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች አንድ ስልክ ላይ ተደፍተው ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ይስቃሉ። አንደኛው ከንፈሩን ግጥም አድርጎ፣ አፉን ወደ ቀኝ ጠምዝዞ «ነገም ትበላለህ» ብሎ ደገመው፤ መጨረሻ ላይም ልክ አባቴ እንደሚያደርገው ትንሽ አየር ወደ ውስጥ ሳበ። ሒሳብ ተቀባዩ ሳይቀር «እስቲ አንዴ ድገመው» አለና ሚኒባሱ በሙሉ ሳቀ። ከፊት የተቀመጡ አንዲት እናት ብቻ «ውይ፣ አፉን ምን ነክቶት ነው? በሽታ ይሆን?» ብለው ከንፈራቸውን መጠጡ። እኔን ከሳቁ ሁሉ ይበልጥ ያንገበገበኝ የእሳቸው ማዘን ነው።

ስልኩ ላይ ያለውን ሰው አወቅሁት። ሜትር አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ፣ ጢሙን ነጭ አስቀብቶ፣ የሽማግሌ ሰደርያ ለብሶ ነበር እንጂ ወንድምአገኝ ነው። ከደባርቅ የመጣው ልጅ፣ ግቢያችን ውስጥ የኋላዋን ክፍል ተከራይቶ አራት ዓመት የተማረው፣ ዛሬ አዲስ አበባ ገብቶ ስሙ የገነነው ተዋናይ። እናቴ ሐዲጃ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ በረመዳን ጾም ከምንፈታበት ሾርባ ሳታካፍለው ያለፈችበት ቀን የለም። አባቴ የምረቃ ሙሉ ልብሱን ሰፍቶ «ይህ ከእኛ ቤት ነው» ብሎ በእጁ አልብሶታል። እንግዲህ ለዚያ ሁሉ መልሱ ይኸው ነው አልሁ፤ የሰውየውን አፍ ወስዶ ለአገር መሳቂያ አደረገው።

ፊልሙ ከወጣ ሦስተኛ ሳምንቱ ነው። እኛ ዘንድ ኢንተርኔቱ ሲሄድ ሲመጣ ስለሚከርም ወሬው ከፊልሙ ቀድሞ ደረሰ። ወሬውም ስለ ታሪኩ አልነበረም፤ ስለ ልብስ ሰፊው አነጋገር ነበር። «የየት አገር ሰው ነው?» እያሉ በየፌስቡኩ ይናከሳሉ። አንዱ የጭልጋ ነው ይላል። ሌላው የለም የደንቢያ ነው፣ ቆላ ድባ ያለው አጎቴ ልክ እንዲህ ነው የሚናገር ብሎ ይምላል። መተማ ድረስ የወሰደው አለ፤ ጎንደርን ለመስደብ ሆን ብለው የፈጠሩት ነው ብሎ የዛተም አለ። የቋንቋ ምሁር ነኝ ባይ አንድ ሰው ደግሞ አስራ ሁለት ደቂቃ ሙሉ ሲተነትን ቆይቶ «ጥናት ያስፈልገዋል» ብሎ ጨረሰ። እኔም ይህን ሁሉ እያነበብሁ ከሰው ጋር ስስቅ ከርሜአለሁ፤ ድምፁን አልሰማሁትማ።

ሱቃችን ከአንድ ጫማ ቤትና ከአንድ ስልክ ጠጋኝ መካከል የተሸጎጠች፣ ሦስት በአራት የማትሞላ ክፍል ናት፤ ለእሷም በወር ሰባት ሺህ ብር ይጠሩባታል። በግራ በኩል የእኔ የኤሌክትሪክ የስፌት መኪና አለ፤ በቀኝ በኩል የአባቴ ጥቁር የእግር መኪና፣ ወርቃማ ጽሕፈቱ ከመዳሰስ ብዛት የጠፋ። ከበሩ ትይዩ የቆመው መስተዋት ታችኛው ጥግ ስለተሰበረ ደንበኛ ራሱን የሚያየው ከጉልበቱ በላይ ነው። መደርደሪያው ላይ ያለው ጨርቅ ከዓመት ዓመት እየሳሳ ሄዷል። ከቻይና የመጣ ዝግጁ ሙሉ ልብስ አምስት ሺህ ብር እየተሸጠ፣ ለማሰፊያ ብቻ አራት ሺህ የሚከፍል ማን አለ? የሚመጡልን አንድ ትከሻቸው ወደቅ ያለባቸው፣ ሆዳቸው የገፋ፣ ክንዳቸው የረዘመ፣ ዝግጁ ልብስ የከዳቸው ሰዎች ናቸው። አባቴ ለእነዚህ ሰዎች ይሰፋል፤ ለብሰው ሲወጡ ጎደሎአቸው አይታይም። ገንዘቡ ቢቀርም ክብሩ አልቀረም፤ በመንገዱ የተጣላ ጎረቤት ሁሉ የሚታረቀው በእኛ ሱቅ ደጃፍ ነው።

አባቴ ዐብደላ ሰባ አንድ ዓመቱ ነው። ሲሠራ አምስት ስፒል በግራ ከንፈሩ ጥግ ይይዛል፤ የሚያወራው በቀረው በቀኙ ነው። ምራቁ እንዳያመልጠው በየንግግሩ መጨረሻ ትንሽ አየር ይስባል። ከአንድ ሰሞን በቀር ስፒሎቹን ጠረጴዛ ላይ ጣል ሲያደርግ አይቼው አላውቅም፤ ሱቅ ሲዘጋ አምስቱን ቆጥሮ ክዳን ባለው ጣሳ ይከታቸዋል። ሃምሳ ዓመት እንዲህ ያወራ ሰው ስፒል በሌለበትም እንዲሁ ያወራል፤ መስጊድም ቢሆን፣ ለቅሶ ቤትም ቢሆን፣ ስልክ ላይም ቢሆን። ምሁሩ ጥናት ያስፈልገዋል ያለው ይህን ነው። የጭልጋም የደንቢያም አይደለም፤ የሙያ ነው።

አንድ ጊዜ፣ አስራ ሁለት ዓመቴ ሳለ፣ እኔም አስመስዬዋለሁ። ከትምህርት ቤት ጓደኞቼ ጋር ሱቁ ደጃፍ ቆሜ «ቀጥ በል» ስላቸው አባቴ ከበስተኋላዬ ነበር። አልተቆጣኝም። ከማግስቱ ጀምሮ ግን ለመናገር በፈለገ ቁጥር ስፒሎቹን አውጥቶ ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጥ ጀመር፤ አውጥቶ ማስቀመጡ ሲሰለቸውም መናገሩን ተወው። ቤት ውስጥ ከእናቴ ጋር እንኳ በራስ ንቅናቄ ነበር የሚግባቡት። በአራተኛው ቀን አንድ ሙሽራ ሱሪውን ሲሞክር ጮኸ፤ አንድ ስፒል ቅምቅማቱ ላይ ተረስቶ ኖሮ ወጋው። ሙሽራው ራሱ ሳቀና አለፈው። አባቴ ግን ፊቱ አመድ መስሎ ጉልበቱ ሥር ተንበርክኮ ይቅርታ ለመነው፤ ያን ቀን እህል አልቀመሰም። ለአንዲት ስፒል ይህን ያህል? አልገባኝም። ስፒሎቹ ወደ ከንፈሩ ተመለሱ፤ እኔም ከዚያ ወዲያ አስመስዬው አላውቅም። አሁን አገር ሁሉ እያስመሰለው መሆኑን ቢሰማ አፉን ጨርሶ እንደሚዘጋ ታየኝ። አባቴ ዝም ሲል ማየት ደግሞ ከሞት ያላነሰ ነገር ነው።

ስለዚህ ያን ጠዋት ሥራዬ ዘበኝነት ሆነ። አራት ሰዓት ላይ የጫማ ቤቱ በላቸው፣ ሆዱ ነገር የማያሳድር፣ ስልኩን እያውለበለበ ገባ።

«አያ ዐብደላ! አርቲስት ሆነህ ሳትነግረን?»

መቀሴን ጥዬ ተነሣሁና ክንዱን ይዤ ወደ ደጅ ጎተትሁት። ቃል ቢተነፍስ የሚስቱን የፋሲካ ቀሚስ አንገት የራሱ ግንባር ላይ እንደምሰፋው ነገርሁት። በላቸው ክፉ ሰው አይደለም፤ ደነገጠና ስልኩን ኪሱ ከተተ። ስመለስ አባቴ ከመነጽሩ በላይ እያየኝ ነው።

«ምነው፣ ምን ይላል?»

«ስለ መብራት ነው አባ። ዛሬ ይጠፋል ይላል።»

የእሱ መኪና በእግር ነው የሚሠራ። ወደ ጨርቁ ተመለሰ። ሁለት ሰዓት ያህል ሰፋን። አባቴ እንደዋሸሁት ያውቃል፤ እኔም ማወቁን አውቃለሁ፤ በመካከላችን የሚሰማው የሁለቱ መኪኖች ድምፅ ብቻ ነው።

አባቴ ለጁምዓ ሶላት ተነሥቶ እንደወጣ ስልኬ ጠራ። «እትዬ ዐዚዛ! ጎንደር ነኝ» አለ ወንድምአገኝ፣ ድምፁ በደስታ ተሞልቶ። «ዛሬ አስራ አንድ ሰዓት ላይ ፊልሙ እዚህ ይታያል። አያ ዐብደላን የክብር እንግዳ አድርጌ ከፊት ላስቀምጠው ነው፤ ሱቁ ልመጣ ነበር።» እግርህ ሱቁን ቢረግጥ በካውያ እተኩስሃለሁ አልሁት። ከዚያ ጭማቂ ቤት ተቀጣጥረን ሄድሁ። ሦስት ሴት ልጆች ፎቶ አብረውት ሲነሡ ጠብቄ፣ ሲጨርሱ ፊት ለፊቱ ተቀምጬ ከጠዋት ጀምሮ ያጠራቀምሁትን ሁሉ አወረድሁበት። የእናቴን ሾርባ አነሣሁ፣ ሙሉ ልብሱን አነሣሁ። የአቮካዶ ጭማቂው ፊቱ ተቀምጦ ጠቆረ።

«ሰው የሚስቀው ያቺን ሁለት ደቂቃ ቆርጠው ስለለጠፏት ነው፣ እትዬ» አለ በመጨረሻ። «ሙሉውን ያየ ሰው አልቅሶ ነው የሚወጣ። ተጽፎ የተሰጠኝ ልብስ ሰፊ ባዶ ነበር፤ አንድም የማምነው ቃል አልነበረውም። ሌት ተቀን ስጨነቅ ከርሜ አንድ ቀን አያ ዐብደላ አፌ ላይ መጣ።»

«አስፈቅደኸው ነበር?»

«አላስፈቀድሁትም» አለና አንገቱን ደፋ። «እሱ ላይ አጥፍቻለሁ። የመጣሁትም ለዚሁ ነው።»

ይቅር አላልሁትም፤ ግን ቁጣዬ ትንሽ በረድ አለ። እሱም ሊያቀለው ፈልጎ መሰለኝ፣ ስልኩን አውጥቶ የሚደርሰውን መልእክት ያሳየኝ ጀመር። ሁሉም የእኛ አነጋገር ነው ይላል፤ ከጭልጋ የጻፈ አለ፣ ከሱዳን የጻፈ አለ። «አንዷማ ከእስራኤል ሦስት ጊዜ ድምፅ ልካለች። ሰው ስንቱን ያስባል!» ብሎ ከፈተልኝ። የአንዲት ሴት ድምፅ ነው፤ አማርኛዋ የጥንት የጎንደር ሆኖ መሐል መሐሉ ላይ ይሰነካከላል። «ወንድሜ፣ ሳሪት እባላለሁ። አባቴ ጎንደር ልብስ ሰፊ ነበር፣ ሀዳነ ይባላል። አፉ እንዲህ ነበር። በዓለም ላይ እንዲህ የሚናገር ሌላ ሰው ሰምተን አናውቅም። ይህን ያስተማረህን ሰው አገናኘኝ፤ የአባቴ ሰው መሆን አለበት።»

ወንድምአገኝ ስቆ ሊቀጥል ሲል ፊቴን አይቶ ተወው። ሀዳነ የሚለውን ስም ከልጅነቴ ጀምሮ ሰምቼዋለሁ። አባቴ በየሶላቱ መጨረሻ እጁን ዘርግቶ ዱዓ ሲያደርግ፣ ከአባቱና ከእናቱ ስም ቀጥሎ «ሀዳነንም ባለበት» ይላል። ማን ነው ብዬ ስጠይቀው «ጌታዬ ነው፣ ሙያ ያስተማረኝ» ከማለት በቀር አልነገረኝም። ምናልባት በዚያች ሰዓትም መስጊድ ውስጥ ይህንኑ እያለ ነበር።

ወደ ሱቅ የምንመለስበት መንገድ አምስት ደቂቃ አይሞላም፤ እኔ ግን ሦስት ጊዜ ቆምሁ። አባቴ ዕድሜ ልኩን «ባለበት» እያለ የጠራው ሰው ቤት ተገኝቷል። ይህን ሳልነግረው ማደር አልችልም። ይህን ልንገረው ካልሁ ደግሞ ሴትዮዋ እንዴት አገኘችን ይለኛል፤ መልሱ ፊልሙ ነው፤ ፊልሙ ደግሞ ሳቁ ነው። አንድ መንገደኛ ነው ያገናኘን ብዬ ልዋሽ አሰብሁ። ወንድምአገኝ «ሴትዮዋ ራሷ ትነግረዋለች እኮ» አለኝ። ልጁ ደደብ አይደለም። ለሦስተኛ ጊዜ ቁሜ «በል ና» አልሁት።

አባቴ ከመስጊድ ተመልሶ ሥራ ጀምሯል። ወንድምአገኝን ሲያይ ፊቱ በራ፤ ተነሥቶ ሳመው፣ ዞር አድርጎም የኮቱን ትከሻ አየለትና «ይህን ማን ሰፋው? ሸጋ አይደለም» አለው። እኔ የሱቁን በር ዘጋሁት።

«ምነው፣ ሰው ሞተ?» አለ አባቴ።

ነገርሁት። ፊልሙን ነገርሁት፣ የሚኒባሱን ሳቅ ነገርሁት፣ ጠዋት መብራት ብዬ እንደዋሸሁት ነገርሁት። ሀዳነን ግን አላነሣሁም፤ ምላሴ ላይ ቀረ። አባቴ ስፒሎቹን እንደያዘ አዳመጠኝና «አምጣው» ብሎ ስልኩን ተቀበለ። መነጽሩን ወደ ግንባሩ ሰቅሎ ስክሪኑን አፍንጫው ድረስ አስጠጋና አየ። ሲያልቅ እንደገና አስከፈተው። እኔ የማየው ጨርቁን ብቻ ነበር። ወንድምአገኝ እንደ ተከሳሽ እጁን አጣምሮ ቁሟል።

«ሦስት ነው የያዘ» አለ አባቴ።

«ምን አልኸኝ አያ?»

«ስፒል። እኔ አምስት ነው የምይዝ፤ አንተ ሦስት የያዝህ ትመስላለህ።»

«አንድም አልያዝሁም፣ አያ ዐብደላ። ዝም ብዬ ነው።»

«ሳትይዝ?» አባቴ ቀና ብሎ በአድናቆት አየው። «እሱ ነው እንግዲያ ከባዱ።» ከዚያ ስልኩን መለሰለትና ወደ እኔ ዞረ። «ሰው ይስቃል ነው የምትይኝ?»

«ይስቃል፣ አባ።»

«ያስቃላ! እኔም መጀመሪያ የሰማሁት ቀን ስቄአለሁ።»

«ማንን?»

«ሀዳነን ነዋ።»

ስሙን እሱ ራሱ አነሣው። ወንበር ስቤ ተቀመጥሁ። አባቴ ብዙ የሚያወራ ሰው አይደለም፤ ያን ቀን ግን ከንፈሩ ላይ ያሉት ስፒሎች እየተንቀጠቀጡ ተናገረ።

«አስራ አምስት ዓመቴ ነው ያኔ። አባቴ ነጋዴ እንድሆን ፈልጎ ነበር፣ እኔ ለንግድ አልሆንሁም። ከወለቃ በእግሩ እየመጣ እዚህ አራዳ በረንዳ ላይ የሚሰፋ አንድ ቤተ እስራኤል ነበር፤ እሱ ዘንድ ገባሁ። ሲናገር ስሰማው ሳቅሁ። አልተቆጣም። ‹ዐብደላ› አለኝ፣ ‹የሌላ ሰፊ ስፒል ተረስቶ ሰው ቢወጋ፣ ስፒል ወጋኝ ይላል። የእኔ ስፒል ቢወጋው ቡዳው በላኝ ነው የሚል። ያን ሰሞን ልጁ ቢያተኩሰው፣ ላሙ ብትሞት፣ ሀዳነ ነው። ቤቴን ያቃጥሉታል። ስለዚህ ስፒሎቼ ከከንፈሬ ወደ ጨርቁ፣ ከጨርቁ ወደ ከንፈሬ ናቸው። አምስቱ አፌ ላይ ካልተመለሱ ልብሱ ከዚህ በረንዳ አይወጣም።› ከዚያ ወዲያ አልሳቅሁ።»

ሙሽራው ትዝ አለኝ። አባቴ ለምን አመድ እንደመሰለ ሃያ ስድስት ዓመት ቆይቶ ገባኝ፤ አፈርሁ። «አንተን ግን ቡዳ የሚልህ የለ አባ፤ ለምን እንደሱ ትይዛለህ?» አልሁት።

«እኔን ማንም አይለኝ። ግን እሱ ያስተማረኝን እጅ ይዤ፣ ስፒሉን በሌላ መንገድ ልያዝ?» አለ፣ እንደ ጅል እያየኝ። ቅዳሜ ሰንበቱ ስለሆነ ሀዳነ ገበያው እየደመቀ ወለቃ ይቀር እንደነበር፣ መኪናዋን የሚያዞራት አባቴ እንደነበር ነገረን፤ ዓርብ ቀትር ላይ ደግሞ አባቴ ለሶላት ሲሄድ ደንበኛውን የሚይዝለት ሀዳነ ነበር። ሃይማኖታቸው ስለሚለይ ሥጋ አብረው አይበሉም፣ ዋንጫቸውም ለየብቻ ነው፤ ቆሎና ሽንብራ ግን አብረው ይበላሉ። «በሰማንያ ሦስት፣ አንድ ጠዋት በሬን ስከፍት ይህች መኪና ደጄ ላይ ቁማለች» አለ ጥቁሯን መኪና እየነካ። «ወለቃ ሮጥሁ። ቤቱ ባዶ ነው። እንጀራ ሰጥቶኝ፣ መኪና ሰጥቶኝ፣ አንድ አላህ ይስጥልኝ ሳልለው ሄደ። ይቺ ነገር እስከ ዛሬ ጉሮሮዬ ላይ አለች።»

ወንድምአገኝ እኔን አየኝ። ራሴን ነቀነቅሁለት። ስልኩን ከፍቶ የሳሪትን ድምፅ አሰማው።

አባቴ እስከ መጨረሻው ሰማ። ቀስ ብሎ ስፒሎቹን አንድ በአንድ ከከንፈሩ አወጣና ጣሳው ውስጥ ከቶ ክዳኑን ገጠመ። «ደውልልኝ» አለ።

ሳሪት በሁለተኛው ጥሪ አነሣች። ጠቆር ያለች፣ ጸጉሯን የሸፈነች፣ የእኔ እኩያ የምትሆን ሴት፤ ከኋላዋ ሰፊ ጠረጴዛ ተዘርግቶ ሰው ይተራመሳል። ዓርብ ስለሆነ ሰንበት ሳይገባ ቤተሰቡ እናታቸው ዘንድ ተሰብስቦ ነበር። አባቴ ስለ ጤና ጠየቀ፣ ስለ ልጆች ጠየቀ፣ ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «አያ ሀዳነስ?» አለ። ሳሪት እጇን አፏ ላይ አድርጋ ሰማችው። ከአራት ዓመት በፊት ማረፉን ነገረችው። አባቴ በእስልምና ደንብ የሚባለውን በለሆሳስ አለና ዝም አለ። እኔም ያ የፈራሁት ዝምታ መጣ ብዬ ደነገጥሁ።

ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ ሲሄድ ታየና የአንዲት አሮጊት ፊት ሞላው። የሀዳነ ሚስት ናቸው፣ ስማቸው ጥሩ። ዓይናቸው አያይም መሰለኝ፣ ጆሮአቸውን ነው ያስጠጉት።

«ማን ነህ አንተ? እስቲ ተናገር።»

«ዐብደላ ነኝ፣ እቴ ጥሩ። የአራዳው።»

«ዐብደላ? የሸክላ ዋንጫ የሠራሁለት ዐብደላ?» ድምፃቸው ወጣት ሆነ። «ለብቻህ የሠራሁልህን ዋንጫ ይዤው መጥቼ ነበር እኮ፤ መንገድ ላይ ተሰበረብኝ። እሱ እስኪሞት ‹ለዚያ ልጅ ሳልነግረው መጣሁ› ሲል ኖረ። አትናገሩ ተብለን ነው ልጄ፤ በድብቅ ነው የወጣነ። እዚህ ፋብሪካ ገብቶ ስፒል ሳይነካ ሠላሳ ዓመት ሠራ፤ አፉ ግን እንዲያው ቀረ። ልጆቹ ሲስቁበት ‹ጎንደር አንድ ወንድም አለኝ፣ እሱ ይሰማኛል› ይል ነበር።»

አባቴ በቀኝ የአፉ ጥግ፣ ግራ ከንፈሩ ሳይከፈት፣ ሠላሳ ሦስት ዓመት ጉሮሮው ላይ የቆየውን አወጣው። «ሙያ ሰጠኝ፣ መኪና ሰጠኝ። ልጆቼን በእሱ እጅ ነው ያሳደግሁ። አላህ ይስጥልኝ።» አየር ሳበ። አሮጊቷ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ከዚያም ማንን እንደሚጠሩ ግልጽ ሳይሆን መጣራት ጀመሩ፤ «ኑ! አባታችሁ ይናገራል፣ ኑ!» አሉ። ያ ሁሉ የሚተራመስ ሰው ወደ ስልኩ ሲጎርፍ አየሁ።

ሰዓቱ አስራ አንድ ሊሞላ ነው። የፊልሙ አዘጋጆች ለወንድምአገኝ ይደውላሉ፤ እሱ የሌላኛውን ስልኩን ድምፅ እያጠፋ ግድግዳውን ተደግፎ በእጅጌው እንባውን ይጠርጋል። እኔም ጠዋት የረገምሁትን ልጅ አየሁት። እሱ ያን አነጋገር ባይወስደው ኖሮ፣ ሚኒባሱ ባይስቅ ኖሮ፣ አባቴ ያን ቃል ይዞት ወደ መቃብር ይወርድ ነበር። ጠጋ ብዬ ትከሻውን ያዝሁት።

የሀዳነ ልጅ አበራ መጣ፤ አባቴ አመሰገነው። የአበራ ሚስት መጣች፤ አመሰገናት። አማርኛ የማይገባቸው የልጅ ልጆች መጡ፤ ለእያንዳንዳቸው ያንኑ እንደ አዲስ፣ ሳያሳጥር ነገራቸው፤ ሳሪትም ትተረጉማለች። አንዲት ስምንት ዓመት የሚሆናት ልጅ ስልኩን በሁለት እጇ ይዛ አባቴን አዳመጠችው፤ «አላህ ይስጥልኝ» ብሎ አየር ሲስብ በሳቅ ፈነዳች። ስልኩን ልቀበለው እጄን ዘረጋሁ። አባቴ እጄን በቀስታ መለሰው።

«ተያት፣ ትሳቅ።»

ልጅቷ እየተንከተከተች በማናውቀው ቋንቋ ትጮኻለች። «ምን ትላለች?» አለ አባቴ።

«አያቴ መጣ፣ አያቴ መጣ ነው የምትል» አለች ሳሪት።

አባቴ ወንበሩን አስተካክሎ ተቀመጠ፤ ዓይኑን በገበር ቁራጭ ጠረገ።

«ሸጋ» አለ። «ደግሞ ማን ቀረ?»